ባለ እጅ

ማክሰኞ ነው፤ ታምፔሬ ላይ ገና በዘጠኝ ሰዓት መሽቷል፤
ጥጥ ይፈተልበት የነበረው ሕንጻ ምድር ቤቱ በርቷል።
በረዶውን ከጫማዬ ደፉ ላይ አራገፍኩና
ጥግ ይዤ ቁጭ አልኩ፤ ተራዬ ሩቅ ነው ገና።
በጨርቅ የጠቀለልኩት ኪሴ ውስጥ ይወጋኛል፤
የሠሩትን ማሳየት እንደ ንስሐ ይከብደኛል።

የዚህ ቤት ደንብ እንዲህ ነው፦ የሠራውን የያዘ ሰው
አስቀድሞ ይናገር፣ የቱ ላይ እንዳበላሸው።

ሂልካ ተነሣች፤ ሠላሳ ዓመት ጥርስ ነቅላ ጡረታ የወጣች፣
ስድስት ጣት ያለው የሱፍ ጓንት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።
«ስቆጥር ስልክ ተደወለ» አለች፤
ሌላ ምክንያት አላበጀች።

ቬርነሪ፣ ጢሙ ገና ያልጠናለት ልጅ፣
የብስክሌት ደወል አትሞ መጣ በማሽን እጅ፤
ያምራል፤ አይጮኽም።
ፕላስቲክ መሆኑን ረስቶ ነበር፤ እኛም አላስታወስነውም።

ሱሄይል የሐለብ ሰው ነው። ከቆሻሻ ገንዳ ያወጣው ሬዲዮ
የሚይዘው አንድ ነገር ብቻ፦ የመርከበኞች የአየር ጠባይ ዜና።
ባሕር የለንም እዚህ። ቢሆንም አዳመጥን፣
ማዕበሉ እስኪያልፍ፣ ሁላችን ዝም አልንና።

ኦስሞ ዋንጫ ይዟል፣ ከበርች ጉጥ የፈለፈለው፤
«ያፈሳል» ብሎ ተቀመጠ። ወሬ አይወድም፣ እንዲህ ነው።

ከዚያ እኔ።

አባቴ ቀጥቃጭ ነበር።
አገሩ ሁሉ አርሶ የበላው እሱ በሳለው ማረሻ፣
ያጨደውም በሱ ማጭድ፤ ግን ጀንበር ወደ ማምሻ
ደጃችን ጋ ሲደርሱ መንገድ ይቀይሩ ነበር፤
ሌሊት ጅብ የጮኸ እንደሆን ጠዋት የእኛ ዓይን ይመረመር።
በማልፍበት እናት ሁሉ ሕፃኗን በነጠላ ትጋርዳለች፤
ለሦስት ልጅ የተሠራች ዴስክ ለኔ ለብቻዬ ትተርፋለች።
ሲፈልጉን «ባለ እጅ» ነን፤ ዞር ሲሉ የሚሉን ሌላ ነው፤
ያንን እዚህ አልጽፈውም፤ የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል፣
የማያውቅ እንኳን አላወቀው።
«የዚህ አገር እሾህ» ይል ነበር አባቴ፣ «በወረንጦ አይወጣም፣ ልጄ።»
አርባ ዓመት ብረት ሳልነካ ኪሴ ውስጥ ኖረ እጄ።

ጨርቁን ፈታሁት።
«ወረንጦ ነው፤ ከተሰበረ መጋዝ ነው የቆረጥኩት፤
አንዱ ጫፉ በፀጉር ያጥራል፤ ሳላየው ነው የመታሁት።»
«ለምን ያገለግላል?»
«ለእሾህ።»
ሳቅ ሆነ። በረዶ ላይ የምን እሾህ!

ኦስሞ አልሳቀም። ተነሥቶ መዳፉን ዘረጋልኝ፤
ከአውራ ጣቱ ሥር፣ ከእሑድ ጀምሮ ያመረቀዘች ስንጣሪ፣
ዋንጫውን ሲፈለፍል የገባችበት፣ አሳየኝ።
እጁን ያዝኩ። ዓይኔን ከቁስሉ ላይ አላነሣሁም፤
ማንም ፊቱን አልጋረደም፣ ማንም መንገድ አልቀየረም።
ሂልካማ መነጽሯን አጥልቃ አንገቷን በመሀል አስገባች፤
«አያያዙ ጥሩ ነው» አለች፤
ስለ ወረንጦው ይሁን ስለ እኔ አልለየችም።
አጭሩ ጫፍ አዳለጠው። አንዴ። ሁለቴ።
በሦስተኛው ወጣች።

«በቋንቋችሁ» አለ ኦስሞ (ለሱ ይህ ብዙ ንግግር ነው)፣
«እንዲህ የሚሠራ ሰው ምን ይባላል?»
«ባለ እጅ።»
«ምን ማለት ነው?»
«እጅ ያለው።»
ቬርነሪ ሁለት መዳፎቹን ገለባበጠና አያቸው፤
«ታዲያ ሁላችንም አይደለን?»
የቀረውን ትርጉም፣ ልብስ ሰፊ መርፌ እንደሚይዝ፣
ከንፈሬ ላይ ያዝኩት።

ስንጣሪዋን አልጣላትም ኦስሞ። የዋንጫው ስንጥቅ ውስጥ ሰካት፤
ውሃ ሞላበት፤ ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ አየው።
ማፍሰሱን አልተወም።
አጨበጨብን።